ሞቶ ፕሮፌሰር የሆነው ዶክተር አብተው

ዶክተር አብተው በሞተ ማግሥት ፕሮፌሰር ሆነ። በሕይወት ሳለ ዩኒቨርሲቲው፣ ኮሚቴው፣ የኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ተሰብስበው ሊሰጡት ያልቻሉትን ማዕረግ የሰፈራችን የቤት ኤሊዔዘር ግድግዳ በአንድ ጠዋት ሰጠው። ሕንፃችን መግቢያ ላይ፣ ከፖስታ ሣጥኖቹ ከፍ ብሎ፣ ጥቁር ጠርዝ ያለው የኀዘን ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከላይ በዕብራይስጥ፣ ከታች በአማርኛ «ፕሮፌሰር አብተው» ይላል። መሞቱን ማታ ከሚስቱ ሰምቻለሁ፤ መሾሙን ግን ከግድግዳው ነው የተረዳሁት። የመኪናዬን ቁልፍ ይዤ ቆሜ አነበብኩት። የማውቀው አብተው ፕሮፌሰር አልነበረም። እንዲያውም ፕሮፌሰር ላለመሆን የእሱን ያህል የለፋ ሰው በከተማችን በሐደራ ያለ አይመስለኝም።

እኔ ከቤት ኤሊዔዘር ወደ ኢንዱስትሪ ዞን ሠራተኛ በሚኒባስ የማመላልስ ሾፌር ነኝ፤ ፈንታ ይሉኛል። አብተው በር ለበር ጎረቤቴ ነበር። ሁለታችንም በልጅነታችን በሱዳን በኩል የመጣን ነን። እሱ ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይወጣ ቀረ፤ እኔ ገብቼ ቶሎ ወጣሁ። መኪና አለችው ይባል ነበር። ማለትም መኪና የሚመስል ነገር በስሙ ሕንፃችን ሥር ቆሞ ድመቶች ይወልዱበታል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ በሚሄድበት ቀን ሁሉ ከእኔ ጋር እስከ ባቡር ጣቢያው ይሳፈራል። የፊተኛው ወንበር የእሱ ነው። ቦርሳውን ጭኑ ላይ ያደርጋል፣ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ይሰካል፣ ቀበቶውን ማሰር ይረሳል። መኪናዋ ስትጮህበት ጥፋቱ የእሷ ይመስል ቆጣ ብሎ ያያትና ያስራል።

አንዲት የማትቀር አነጋገር ነበረችው። ማንም ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ጠቋሚ ጣቱን ያነሣና «ተረጋግጧል ወይስ ተወርቷል?» ይላል። ነገ ይዘንባል ስትለው፣ ተረጋግጧል ወይስ ተወርቷል። የእገሌ ልጅ ልታገባ ነው ስትለው፣ ያው። እንዲህ ያለ ሰው በቤት ኤሊዔዘር ስንት ወዳጅ እንደሚያፈራ እናንተው ገምቱ። እኛ ሰፈር ወሬ ከተረጋገጠ በኋላ ማን ያወራዋል? እኔም የቻልኩት መሪ ስለያዝኩና የምሸሽበት ስላልነበረኝ ነው።

ሰፈሩ በዶክተርነቱም ቅር ይለው ነበር። ዶክትሬቱን ያገኘ ሰሞን እናቶች ጉልበታቸውን እየገለጡ፣ የመድኃኒት ብልቃጣቸውን እያንቃጨሉ መጡ። እሱም የሰው ሳይሆን የኮምፒውተር ዶክተር መሆኑን አስረዳቸው። በማግሥቱ የተሰበረ ስልክና የማይሠራ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ይዘው ተመለሱ። ይህንንም አልችልም አላቸው። «እንግዲያ ምን ዶክተር ነው ይኼ?» ተባለ። ሚስቱ ያልጋነሽም አልራራችለትም። «እኔ እቴ ቤቴ ዶክተር ሞልቶልኛል» ትል ነበር፤ «ራሴን ሲያመኝ ኩፓት ሆሊም ሐኪም ጋ እሄዳለሁ፣ ስልኬ ሲሰበር ገበያ ያለው ልጅ ጋ እወስዳለሁ።»

ሥራው ምን እንደሆነ አንድ ጠዋት ጠየቅሁት። ጣቱን አነሣ።

«ብዙ ኮምፒውተሮች አሉ እንበል። አንዱ እዚህ፣ አንዱ ቤርሼባ፣ አንዱ ባሕር ማዶ። ተራርቀው ሳለ በአንድ ነገር መስማማት አለባቸው። ግን አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ይበላሻል፣ አንዱ ይዋሻል። እንዴት አድርገው ይስማማሉ?»

«አይስማሙማ» አልኩት። «የቢኒያናችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ መጥተህ አታውቅም?»

ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ድምፅ የለውም። ከዚያ እሱ ያገኘውን መላ ነገረኝ። ኮምፒውተሮቹ አልስማማ ሲሉ ሁለቱም ወገን የሚያምኑትን አንድ ኮምፒውተር ይመርጣሉ። የተመረጠው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተመላለሰ ነገሩን ሰምቶ በመጨረሻ ቃሉን ይሰጣል፤ ሁሉም እሱ ባለው ይጸናል። ለዚህ አሠራር ያወጣለት ስም «ሽማግሌ» ነው። በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ፣ በላቲን ፊደል፣ «ሽማግሌ»። የዓለም ሳይንቲስት ሁሉ ያቺን ቃል ለመጥራት ምላሱን ሲያጥፍ እያሰብኩ ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በምሁራን ዓለም ሰው የሚመዘነው ሌሎች ስንት ጊዜ በጽሑፋቸው ጠቀሱት በሚል እንደሆነ ያስረዳኝም እሱ ነው።

«ሲጠቅሱህ ማለት ሲያሞግሱህ ነው?»

«የግድ አይደለም። ስምህን ካነሡ ይቆጠራል።»

«ቢያሙህስ?»

«ይቆጠራል።»

«ቢሰድቡህስ?»

«እሱማ ሦስት አራት ሆነው ነው የሚሰድቡህ፤ የበለጠ ይቆጠራል።»

እንግዲህ ይህን ነገር በእኔ ሚኒባስ ውስጥ መናገር አልነበረበትም። ኋላ የተቀመጡት ሠራተኞች ሰምተው ኖሮ ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ የጥቅስ ሊቅ ሆነ። እኛ ሰዎች በስም መነሣት ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያስተምረን አንሻም። ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ እየመዘነች «ዶክተር፣ ዛሬስ ጠቀሱህ?» ትለው ጀመር። ቄስ እምሩ፣ የሰፈራችን የሃይማኖት አባት፣ ከጸሎት በኋላ ጭራቸውን እያወዛወዙ «የልጃችን ነገር ምን ደረሰ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጽሑፉን ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም። ኋላ እንደታየው፣ በዚህ ከዓለም ሳይንቲስቶች አላነስንም።

የሽማግሌው ጽሑፍ ጥቅስ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ። ከሩቅ አገር ሁሉ እየጠቀሱት መጡ። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ለፕሮፌሰርነት ፋይሉን ከፈተ፤ ኮሚቴው ተሰየመ፤ ነገሩ ያለቀ ያህል ሆነ። ቤት ኤሊዔዘር ደግሞ ያለቀ ያህል የሆነን ነገር እንዳለቀ ነው የሚቆጥረው። የትኛው አዳራሽ ይሁን፣ ዳቦውን ማን ይጋግር፣ በሬ ይሁን በግ ተብሎ ክርክር ተነሣ። ስቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ እኔም ልቤ ሞልቶ ነበር። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ገብተው አስተማሪው ገና ሳይጠይቃቸው ወደ ጋራዥና ወደ መጋዘን እንደሚመራቸው እናውቃለን። በየቀኑ የማመላልሰውም እነሱኑ ነው። አንድ ፕሮፌሰር ከእኛ መግቢያ፣ ከእኛ ደረጃ ቢወጣ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር።

ነገር የተበላሸው በአንድ ሽምግልና ነው።

ሁለት ወንድማማቾች የእናታቸው ተዝካር በማን ቤት ይሁን ብለው ተኳረፉ። ቄስ እምሩ ሽማግሌ ሰበሰቡ። አብተውን የተማረ ሰው ይኑርበት ብለው ጨመሩት፤ እኔ ሽማግሌዎቹን በመኪና ስላመጣሁ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የነገሩ ቁልፍ ግን አባ መለሰ ነበሩ። አባ መለሰ በሐደራ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ሊፋቱ ፍርድ ቤት ደጃፍ የደረሱ ባልና ሚስትን ከደጃፉ ይመልሳሉ ይባላል። ወንድማማቾቹ በሌላ በምንም ሳይስማሙ በእሳቸው ተስማሙ፤ «አባ መለሰ ያሉት ይሁን» አሉ ሁለቱም። አባ መለሰም ሁለቱን ለየብቻ አነጋግረው መጡ።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል። ማዝጋኑ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ያጓራል እንጂ አያቀዘቅዝም። ቄስ እምሩ ባረኩና «በሉ እንግዲህ አባ መለሰ፣ ከሁለቱም ሰምተዋል፤ ቃልዎን ይስጡን» አሉ።

አባ መለሰ ዝም አሉ።

እያሰላሰሉ ይሆናል ብለን ጠበቅን። ማዝጋኑን ቀና ብለው አዩት። ጥለታቸውን አስተካከሉ። ዝም። በዕድሜም በክብርም እሳቸውን ቀድሞ የሚናገር የለም። ወንድማማቾቹ ዓይን ዓይናቸውን ያያሉ፣ ቄስ እምሩ ጭራቸውን ያሻሻሉ፣ ከማድ ቤት የወጡ ሴቶች በር ላይ ቆመው ወጡ ቀዘቀዘ ይላሉ። ነገሩ የገባን በኋላ ነው። አባ መለሰ ሰው ማስከፋት የማይሆንላቸው ሰው ናቸውና ለታላቁም «ባንተ ቤት ነው፣ አታስብ» ብለውታል፤ ለታናሹም እንዲሁ። አሁን አፋቸውን ቢከፍቱ አንዱን ይዋሻሉ። ስለዚህ አልከፈቱም።

እኔ የማየው አብተውን ነበር። መጀመሪያ እንደኛው ጠበቀ። ቀጥሎ እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ። ቀጥሎ ፊቱ አመድ መሰለ። ድንገት ብድግ ብሎ አባ መለሰን እየጠቆመ «ዝም አሉ!» አለ። «ዝም ማለት ይችላሉ!»

ሽማግሌ በጣት ተጠቆመ! ቄስ እምሩ «ምነው ልጄ፣ ምነው?» ሲሉ እሱ ጫማውን ሳያስር ወጥቶ ሄደ። የቀረበውን ሳይቀምስ። ለቀሪው ነገር አታስቡ፣ ተዝካሩ በአዳራሽ ተደረገና ሁለቱም ወንድማማቾች እኔ ረታሁ አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት መኪናዋ ስትጮህ እንኳ አልሰማትም። ቀበቶውን እኔ አሰርኩለት።

«ጽሑፉ ስህተት ነው፣ ፈንታ» አለኝ።

«የቱ?»

«ሽማግሌው።»

ኋላ ያሉት ሠራተኞች እንዳይሰሙ ሬዲዮውን ጮክ አደረግሁት።

«ሽማግሌው ሊዘገይ ይችላል ብያለሁ» አለ። «ሊዋሽም ይችላል ብያለሁ፤ ለውሸቱም መላ አበጅቻለሁ። ዝም ሊል ይችላል ግን አላልኩም። መልስ ሳይሰጥ አይቀርም ብዬ ነው የተነሣሁት። ደግሞ አልጻፍኩትም፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብሎ የሚጽፍ ማን አለ? አባቴ ሽማግሌ ነበር። በሁለት ወገን ታምኖ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም።»

«ዝም ካለስ ምን ይሆናል?»

«ሁሉም ይጠብቁታል። እስከ ዘላለም። ትናንት እንዳየኸው።»

እንግዲህ ፈረንጅ ይህን ስህተት አይሠራም። ፈረንጅ ገና ሲነሣ ሽማግሌውን አያምነውም። አምኖ የሚሳሳተው የእኛ አገር ልጅ ነው። እኔ የገረመኝ ሌላው ነው።

«ያ ሁሉ ሰው ሲጠቅስህ አንድም አላየውም?»

«ትናንት ተመለከትኳቸው። ሁሉም የጠቀሱኝ መግቢያቸው ላይ ነው፤ ከሌሎች ስሞች ጋር አሥረው፣ "በዚህ ጉዳይ እነ እገሌም ጽፈዋል" ብለው። ያነበበው የለም።»

«ተረጋግጧል ወይስ ተወርቷል?» አልኩት፣ ላስቀው ብዬ።

አልሳቀም። «ጽሑፉን አስነሣዋለሁ» አለና ጣቢያው ጋ ወረደ።

አስነሣዋለሁ ማለቱ ከመጽሔቱ ተሳስቻለሁ ብሎ ማሰረዙ ነው። ጽሑፉ ከተሰረዘ ፋይሉ ባዶ ነው፤ ፋይሉ ባዶ ከሆነ ፕሮፌሰርነት የለም። የክፍሉ ኃላፊ ይህን ሲሰማ ወደ ቢሮው ጠርቶ በር ዘጋና መከረው። ምክሩ አጭር ነበር፦ ኮሚቴው እስኪጨርስ አፍህን ያዝ፣ ከተሾምክ በኋላ ታርማለህ። የተማረ ሰው ምክር ነው፤ ማንም ያልተማረ ሰውም ይሰጠው ነበር።

አብተው አልሰማም። ያልጋነሽ ከእሱ ጋር ተከራክራ ስትደክም ለቄስ እምሩ ደወለች። እነሆ በአንድ ዓርብ ጠዋት ቄስ እምሩ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ አባ መለሰን አስከትለው መጡ። እኔንም ከደጅ ጎትተው አስገቡኝ። ባልና ሚስት ሲታረቁ አይቻለሁ፣ ጎረቤትና ጎረቤት ሲታረቁ አይቻለሁ። ሰውን ከገዛ ስህተቱ ጋር ለማስታረቅ ሽማግሌ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ልጄ አብተው» አሉ ቄስ እምሩ፣ «ከሰው ብትጣላ ወይ አንተን ወይ እሱን ይቅርታ እናስጠይቅ ነበር። አንተ የተጣላኸው ከገዛ ማአማርህ ጋር ነው አሉን። ከጻፍከው ወረቀት ጋር እንዴት አድርገን እናስታርቅህ?»

«አልተጣላሁም ቄስ። ታኡት አለበት። ስህተት ነው።»

«ታኡቱን ማን አየው?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ማንም።»

«እሰይ!» አሉ ቄሱ ጉልበታቸውን መታ አድርገው። «እንግዲያ ምን አስቸኮለህ? ቫዓዳው፣ ያ ኮሚቴ፣ ይሹምህ። ከዚያ ወዲያ ተሳስቼ ነበር ትላለህ። ዶክተር ሲሳሳት ታኡት ነው፤ ፕሮፌሶር ሲሳሳት ግን ምርምር ይባላል።»

ያልጋነሽ ሻይ እየቀዳች ነበር። «ቄስ፣ እኔን የገረመኝ» አለች፣ «ካገባሁት ጀምሮ ተሳስቻለሁ ብሎ አያውቅም። ጨው በሻይ ውስጥ ጨምሮ እንኳ ቆርቆሮው ነው ያሳሳተኝ ያለ ሰው ነው። አሁን ለኮምፒውተር ነው የሚጀምረው?»

ሁላችንም ሳቅን። አብተውም ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ቄስ እምሩ ግን ሳቃቸውን ቶሎ አቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ቀልዱ ይቅርና፣ ልጆቻችን በየትምህርት ቤቱ ምን እንደሚባሉ ታውቃለህ። አንተንም ብለውሃል። አንድ ፕሮፌሶር ከእኛ ወጣ ስንላቸው ቀና ይላሉ። እኔ ይህን ሳላይ መሞት አልፈልግም። ለምን ትነፍገናለህ?»

አብተው ጣቱን ሳያነሣ ነበር የተናገረው።

«ቄስ፣ የሚጠቅሱኝ ሰዎች አያሳስቡኝም። እነሱ አያነቡም። የሚያሳስበኝ አንድ ቀን የሚያነበው ሰው ነው። ያ ሰው አምኖኝ የሆስፒታል ማሽኖች ይሠራበታል። አንድ ቀን ሽማግሌው ዝም ይላል። ማሽኖቹ ሁሉ ይጠብቁታል። በሽተኛው ግን አይጠብቅም። ያን ጊዜ ፕሮፌሶር መሆኔ ለማን ይጠቅማል?»

ከዚያ ወደ አባ መለሰ ዞረ። «አባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አባ መለሰ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ውስጡ አዩ። ከንፈራቸው ሊከፈት ያለ መሰለ። ዝም አሉ። አብተው ጠበቃቸው፣ ጠበቃቸው፤ በመጨረሻ በጣም በቀስታ «ይኸው ነው» አለ። አላፌዘባቸውም። እኔ ብሆን አፌዝ ነበር።

ጽሑፉ ተሰረዘ። ኢንተርኔት ላይ ከፍቶ አሳየኝ፤ በየገጹ ላይ በሰያፍ «ተሰርዟል» የሚል ቀይ ቃል ተጽፎበታል። ሥር አጭር ማስታወሻ አለው፤ ስህተቱን ያገኘሁት ሐደራ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዝም ሲሉ አይቼ ነው ይላል አለኝ። «ስማቸውን ለምን አልጻፍክም?» ስለው፣ «እንዳያፍሩ» አለኝ። ኮሚቴው ፋይሉን «ለሌላ ጊዜ» አስተላለፈው። በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፉለት፤ የጨዋ ቋንቋ አስፈሪነቱ የሚገባህ ማዕረግ ስትጠብቅ ነው። አዳራሹ ተሰረዘ፣ በሬው ተረፈ። ሰፈሩ ያን ሰሞን አብተውን ሰላም የሚለው በግማሽ አፉ ነበር። ሽንኩርት ሻጯ እንኳ መጠየቋን ትታ ዝም ብላ ትመዝን ጀመር።

አባ መለሰ ላይ ግን ቀልዱ ከፋ። «አባ መለሰ ዝም ብለው ፕሮፌሰር አሳጡን» ተባለ። ልጆች ሳይቀሩ አሉት። ሽማግሌው አብተውን ባዩ ቁጥር መንገድ ይሻገራሉ። አብተው ደግሞ ተከትሎ ይሻገርና ትከሻቸውን ይስማል፣ የገበያ ዘንቢላቸውን ይቀማል፣ እስከ በራቸው ይሸከማል። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ከኋላው ይከተላሉ። ይህን ብዙ ጊዜ ከመኪናዬ ውስጥ አይቻለሁ። አንዴ «ምን ትነጋገራላችሁ?» ስለው፣ «እሳቸው ምንም አይሉም፤ እኔ ስለ ቲማቲም አወራለሁ» አለኝ።

የሚያስቀው ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ጽሑፉ ከተሰረዘም በኋላ መጠቀሱ አልቆመም። ቀዩን ቃል ለማየት እንኳ ገጹን የሚከፍት አልነበረምና የአንዱን ዝርዝር ሌላው እየገለበጠ፣ የተሰረዘው ሽማግሌ በዓለም ዙሪያ መመስገኑን ቀጠለ። አብተው ስህተቱን አርሞ አዲስ ጽሑፍ ጻፈ፤ ዝም የሚል ሽማግሌ ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ፣ ትክክለኛ፣ የለፋበት። እሱን ማንም አልጠቀሰውም። ይህን ሲነግረኝ እንባው እስኪወርድ ድረስ ሳቀ፤ የመኪናዋም ወንበር አብሮት ተንቀጠቀጠ። እኔ ግን ተናደድኩ። አሁንም እናደዳለሁ። ያ ሰው ሊከበር ይገባው ነበር፤ ያከበረው አልነበረም።

«ሌላ ጊዜ» የተባለው ጊዜ ሳይደርስ ልቡ ታመመ። ሆስፒታል ጥቂት ሰነበተና ሄደ።

ልቅሶው ላይ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ አንድ የሥራ ባልደረባው አጠገቤ፣ በነጯ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደግ ሰው ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። «ትልቅ ሰው ነበር» አለኝ በዕብራይስጥ። «ጽሑፉ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።»

«የትኛው?» አልኩት።

«ሽማግሌው ነዋ!»

ይቅር ይበለኝ፣ በለቅሶ ቤት ሳቅኩ። ያልጋነሽ ከማዶ አየችኝና ምን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ ገባት፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የሳቀች ይሁን ያለቀሰች አላውቅም።

የልቅሶው ሰባት ቀን ሲያልቅ ግን ያ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት እንቅልፍ ነሣኝ። ለአንድ ስህተት ብሎ ማዕረጉን የተወ ሰው ስህተት ተለጥፎበት እንዴት ይሸኛል? የሚኒባሴን የመስመር ምልክት የምጽፍበትን ጥቁር ቶሽ እስክሪብቶ ከመኪናው አወጣሁና ወደ መግቢያው መጣሁ። ላርመው ነው። አባ መለሰ ግን ቀድመውኝ ኖሯል። በትራቸውን ተደግፈው፣ ከማስታወቂያው ፊት ቆመው፣ ቀና ብለው ያያሉ።

«አባ፣ ይህን ያጻፈው ማን ነው?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ጣሪያውን አዩ፤ ማዝጋን የለበትም። ከልምዴ ተነሥቼ፣ አሁንማ እስኪመሽ ልንቆም ነው ብዬ በፖስታ ሣጥኑ ተደገፍኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ድምፃቸውን ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁት መሰለኝ።

«እኔ ነኝ ያጻፍኩት። አታሚው ምን ብዬ ልጻፍ ሲለኝ ፕሮፌሶር በል አልኩት። እኔ ነኝ ያሳጣሁት፣ እኔ ልመልስለት ብዬ። ዘንቢሌን ተሸክሞልኝ ሲሄድ አንድ ቀን እንኳ አፍ አውጥቼ አልነገርኩትም። ቤቱ ድረስ መጥቼ ሲጠይቀኝ አልነገርኩትም። እሱ እኮ ልክ ነበር። ልክ ነህ ብዬ አልነገርኩትም።» ወረቀቱን በጣታቸው ጠቆሙ። «አሁን እዚህ ቆሜ ሳየው፣ ቢያየው ምን ይለኝ ነበር እላለሁ። ተሳስቻለሁ፣ ልጄ።»

የቶሹን ክዳን ነቅዬ ወደ ግድግዳው እጄን ስዘረጋ ክንዴን ያዙኝ።

«ለእኔ ስጠኝ። ታኡቱ የእኔ ነው።»

ሰጠኋቸው። በትራቸውን እኔ ያዝኩላቸው። በአማርኛ የተጻፈውን «ፕሮፌሰር» ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ ብለው ሰረዙት። «የዕብራይስጡስ የትኛው ነው?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው፤ እሱንም ሰረዙት። ከዚያ ከተሰረዘው በላይ ባለው ጠባብ ቦታ፣ አንድ ፊደል በአንድ ፊደል፣ «ዶክተር» ብለው ጻፉና ለማየት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አሉ።

«አሁንስ?» አሉኝ።

«ተረጋግጧል፣ አባ» አልኳቸው።